ጀማ ላይ ትራውት የለም፤ እንግዶቹ ግን ይምጡ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለችው የዓለም ከተማ ልጅ ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ጀማ ሸለቆ እያወረደ ይተዳደራል። ሰሞኑን አራት ፈረንጆች ጻፉለት። «ፍላይ ፊሺንግ ነው የምንፈልገው። ትራውት ያለበት፣ ሰው የማይደርስበት ወንዝ ውሰደን። መስከረም ላይ አምስት ቀን አለን» ይላሉ። ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ዝንብ እንዲመስል ላባና ጸጉር በታሰረበት መንጠቆ ማጥመድን ነው። እሱ ዓሣ አጥምዶ የሚያውቀው በልጅነቱ፣ ያውም በትል ነው። «ልቀበላቸው ወይስ ይቅርብኝ? ከተቀበልኩስ ምን ላዘጋጅ?» ብሎ ጠይቋል።

ተቀበላቸው ወንድሜ። ግን ብር ከመቀበልህ በፊት አንድ መልእክት ላክላቸው። ትራውት የለም በላቸው። መስከረምም አይሆንም በላቸው። ሰው የማይደርስበት ወንዝ የሚሉትም እኛ ጋ የለም። ይህን አንብበው «እሺ፣ ያለውን አሳየን» ካሉ ጥሩ እንግዶች ናቸው። ዝም ካሉ ደግሞ ተገላገልክ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሥራዬም ዓሣ ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ የማጥመጃ ዘንግ ይዤ ወደ ጀማና ወንጪት ወንዞች መውረድ ከጀመርኩ ቆየሁ። ስለዚህ የምነግርህ ግማሹ የተማርኩት ነው፣ ግማሹ በኪሳራ ያወቅሁት።

ከሁሉ በፊት የሰላሙ ነገር። የመንገዱንና የሸለቆውን ሁኔታ በዚያው ሳምንት እዚያው ካሉ ሰዎች ሳታረጋግጥ ማንንም ይዘህ አትውረድ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ወጥቶ ለመመለስም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጥርጣሬ ካለህ አራዝመው። ወንዙ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ትራውቱ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፣ የአገራችንም አይደለም። እኛ አገር ያለው ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ የተለቀቀው ነው። ከመጣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ዌብ፣ ሻያና ዳንካ ወንዞች ላይ ይገኛል። እንግዶችህ ያለ ትራውት ሞተን እንገኛለን ካሉ ወደ ባሌ ላካቸው። በቅሬታ ከሚመለሱብህ እዚያ ያለ አስጎብኚ ቢያገኝ ይሻላል። ጀማ ግን ሌላ ወንዝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሬሳ ሆኖ፣ ጫጫ ላይ ጫጫ ሆኖ፣ ሞፈር ውሃንና ሌሎቹን ሰብስቦ ቆላ ይወርዳል። ታች ወንጪትን ይጨምርና አባይ ይገባል። ከላይ ውርጭ ነው፣ ከታች ሙቀት። ዓሣው የሚኖረው ሙቀቱ ጋ ነው።

ያ ዓሣ ማነው? ዋናው ባርበስ ነው። ጣና ዳር ነጭ ዓሣ ይሉታል፣ ዝዋይ ላይ ቢልጫ። ወርቅማ ቅርፊት አለው። ከከንፈሩ ዳር ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም ተንጠልጥሎለታል። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ፈጣን ውሃ ይወዳል። መንጠቆ ሲይዘው ወደ ላይ አይዘልም እንደ ትራውት። ቁልቁል ወደ ድንጋዩ ይሮጣል። አንድ ክንድ የማይሞላ ባርበስ ክር ሲበጥስብኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ ለእኔ ከትራውት ይበልጣል። እንግዶችህም መጀመሪያው ባርበስ ከተያዘላቸው በኋላ ትራውት የሚለውን ቃል አያነሱትም።

በሶ የሚባልም አለ። ሻንጣህ ውስጥ ካለው በሶ ጋር አይምታታብህ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በፈረንጆቹ 1830ዎቹ ዓሣውን ለሳይንስ ሲመዘግብ የእኛኑ ቃል ወስዶ ነው ስም ያወጣለት። የታች ከንፈሩ ጠርዝ እንደ መፋቂያ ጠንካራ ነው። ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ፍቆ ይበላል። ጠዋት ጥልቀት የሌለው ውሃ ዳር ቁጭ ብለህ ድንጋዮቹን ተመልከት። አረንጓዴው ላይ ጣት የሚያህል ንጹሕ መስመር ታያለህ፣ ልጅ ድስት ጠርጎ የላሰው ይመስላል። ያ የበሶ ቁርስ ነው። ዝንብ ብዙም አይቀበልም፤ እንግዳ እሱ ላይ ሰዓቱን እንዳይፈጅ።

አምባዛን ታውቀዋለህ። ሲመሽ፣ ኩሬ በሠራው ዝግ ያለ ውሃ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ልብ በል። አምባዛ ከውሃ ብቻ ሳይሆን ከአየርም ይተነፍሳል። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ፈረንጁ ይህን ሲያይ «ዓሣው ከላይ ዝንብ እየበላ ነው!» ብሎ ይዘላል። እየበላ አይደለም፣ እየተነፈሰ ነው። ይህችን አንዷን ብቻ ብትነግረው ባለሙያ መሆንህን ያምናል።

ስለ ዘዴው ላስረዳህ፤ አንተ የምታውቀው በትልና ክሩ ላይ በሚታሰር የእርሳስ ክብደት ነው። በዚያኛው የምትወረውረው እርሳሱን ነው፣ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። ፍላይ ፊሺንግ የዚህ ግልባጭ ነው። መንጠቆው ላባና ጸጉር የታሰረበት፣ ክብደት የሌለው ነገር ነው፤ ብትወረውረው አይሄድም። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ስለዚህ ክሩን እንደ ጅራፍ ወደ ኋላና ወደ ፊት ታወዛውዘዋለህ፣ ዝንቡ ተከትሎ ይሄዳል። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያጮኽ የነበረ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። እኔ የለመድኩት እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እዚህ ከጮኸ ተሳስተሃል።

ዘንጉ ዘጠኝ ጫማ፣ ቁጥሩ 5 ወይም 6 ይሁን። ክሩ የሚንሳፈፈው ዓይነት ይሁን። ጫፉ ላይ የሚቀጠለው ስስ ክር 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ከቀጠነ ባርበሱ ድንጋይ ላይ ይበጥሰዋል። ዕቃውን እንግዶቹ ይዘው ይመጣሉ፤ አንተ ቁጥሩን ብቻ ንገራቸው። ስለ ዝንቡ ግን ዝም አትበል። እነሱ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የሚያማምሩ ዝንቦች ሳጥን ሙሉ ይዘው ይመጣሉ። እዚህ የሚሠራው ሰምጦ የሚሄደው ነው። ኒምፍ ይሉታል፣ የውሃ ውስጥ ነፍሳት እጭ ለመምሰል የታሰረ ነው። የመንጠቆው ቁጥር 12 እና 14፣ ራሱ ላይ ትንሽ የብረት ዶቃ ያለው። ለአምባዛና ለትልልቁ ባርበስ ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም ያለው፣ ጭራው የሚወዛወዝ፣ ውሊ በገር የሚባለው ዝንብ፣ ቁጥር 8።

እኔ የማስረው በመንዝ በግ ጸጉር ነው። ቀልድ አይደለም። የበርኖስ ክር ሻካራ ነው፣ ውሃ ውስጥ ጸጉሩ ብትን ይልና የእጭ እግር ይመስላል። ጥቁሩና ቡናማው ለብቻው አለ፣ ማቅለም አያስፈልግም። አንድ እንግዳ ከውጭ በውድ የገዛውን ሳጥን ዘግቶ ሦስት ቀን ሙሉ በበርኖስ ሲያጠምድ ነበር።

ዓሣው ምን እንደሚበላ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግህም። ውሃው ቁርጭምጭሚትህን በሚያልፍበት፣ ነጭ አረፋ በሚሠራበት ቦታ ግባ። የዳቦ ያህል ድንጋይ ቀስ ብለህ አንሣና ገልብጠው። መጀመሪያ ምንም የለም ትላለህ። ትንሽ ጠብቅ። ከዚያ ድንጋዩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስልሃል። ጠፍጣፋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጭራ ያላቸው፣ እንደ ጎን እየሄዱ ጥላ የሚፈልጉ ነገሮች ታያለህ። አጠገባቸው አሸዋና ጠጠር አጣብቆ ቤት የሠራ ትል አለ፣ የስንዴ ፍሬ ይበልጣል ያንሳል። ቤቱን ይዞ ይዞራል። የባርበስ ምግብ ይኸው ነው። ቀለሙንና መጠኑን አይተህ ከሳጥኑ የሚመስለውን ታወጣለህ። እንግዳህ ፊት ይህን ስታደርግ ለእሱ የጉዞው ግማሽ ተከፈለ ማለት ነው።

አወራወሩም እንደ ፊልሙ አይደለም። ሃያ ሜትር መወርወር አያስፈልግም። ፈጣኑ ውሃ ወደ ጥልቁ የሚገባበት ጫፍ ላይ ቁም። ከአንተ ሰባት ስምንት ሜትር ወደ ላይ ጣልና ውሃው ራሱ ይውሰደው፤ አትጎትት። ክሩ በድንገት ቀጥ ካለ ወይም ከውሃው ፍጥነት ከዘገየ ዘንጉን አንሣ። ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ካልሆነ ግን ወዲያው ታውቀዋለህ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ወሩ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት እንግዶችን መስከረም መጨረሻ ይዤ ወረድኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ አበባው ፈክቷል፣ ክረምቱ አልቋል ብዬ ነበር። ስንደርስ ጀማ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። እጄን እስከ አንጓዬ ብነክር ጣቴ አይታይም። ሦስት ቀን ጣልን፣ ሦስት ቀን ምንም። አንዱ እንግዳ ጨዋ ነበር፣ ወፍ ሲያይ ከረመ። ሌላው ግን የመጨረሻውን ክፍያ አልከፍልም አለኝ። እኔም ብሆን አልከፍልም ነበር። የበቅሎውንና የምግቡን ከኪሴ ሸፈንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የደጋው እርሻ አፈር በሙሉ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ዝናቡ ቢያቆምም ወንዙ ለመጥራት ሳምንታት ይፈልጋል። ባርበስ ደግሞ የሚያየውን ነው የሚበላው፤ በደፈረሰ ውሃ ዝንብ አይታየውም። ሌላም ምክንያት አለ። ባርበስ የሚራባው በዝናቡ ወራት ነው። ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ያኔ መተው ነው ያለብን።

ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ በላቸው። በእነሱ አቆጣጠር ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ማለት ነው። ሁለቱንም ጻፍላቸው፤ በወር ስም ብቻ የተስማማ ሰው ይሳሳታል። ሰዓትም እንደዚያው። «12 ሰዓት ላይ እንነሳለን» ብዬው እኩለ ቀን ድረስ የተኛ እንግዳ ነበረኝ። ከጥር በኋላ ወንዙ በጣም ያንሳል፣ ይሞቃል፣ ዓሣው ጥልቁ ውስጥ ይታጎራል። የካቲት ላይ በጠዋቱ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ውሃው እንደገና ይደፈርሳል። የመፈተሻ ዘዴዬ ቀላል ናት። እስከ ጉልበትህ ግባ። የእግርህን ጣቶች ቆመህ ካየሃቸው ጉዞው ይሆናል። ካላየሃቸው ለእንግዶቹ ደውልና ቀን ቀይር። ለዚህ ነው ከጉዞው ሳምንት በፊት አንድ ሰው ወንዙ ዳር መድረስ ያለበት።

ደለል የዓሣ ጉዳይ ነው፤ ደራሽ ውሃ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ሆኖ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ያ ውሃ ከሰዓታት በኋላ አንተ የቆምክበት ይደርሳል። ምልክቶቹን እንደ አባታችን ሆይ እወቃቸው። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። ጭራሮ፣ ቅጠልና አረፋ ይመጣል። ከዚያ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚመስል ድምፅ ትሰማለህ። የመጀመሪያውን ምልክት እንዳየህ ክሩን እንኳ ሳትጠቀልል ውጣ። ዘንግ ይገዛል።

ድንኳንም እንደዚሁ። ነጩ አሸዋ ለመተኛት ይመቻል፣ ፎቶም ያምራል፣ እንግዳው እዚያ ካልተከልክልኝ ይላል። እምቢ በለው። ዛፎቹን ወደ ላይ ተመልከት። ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሣርና ጨርቅ ካየህ ያለፈው ክረምት ውሃ እዚያ ደርሶ ነበር። ከዚያ በላይ ነው የምትተኛው፣ በበጋም ቢሆን።

ቦታውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ ጀማን የሚሻገርበት ድልድይ መነሻ ይሁንህ፤ ግን እዚያው አታጥምድ። ድልድይ ሥር ያለ ዓሣ መንጠቆ ጠግቧል። በእግር ሁለት ሰዓት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ራቅ በል። ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ አልቆ ታች የኖራ ድንጋዩ በሚታይበት አካባቢ ወንዙ ይጠማዘዛል፣ ጥልቅ ቦታ ይሠራል። ገባር ወንዝ የሚገባበት አፍ ሁልጊዜ ይሞከራል። ወንጪት በኩል ከወረድክ ደግሞ ውሃው ትንሽ፣ ሰዉም ጥቂት ነው። ግን መውጫው ያስለቅሳል።

አምስት ቀን ሙሉ ወንዝ ዳር አታስቀምጣቸው። ቀን ቀን ሙቀቱ ከባድ ነው። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው። አንዱ ቀን ለጉዞና ለመውረድ፣ ሁለት ሙሉ ቀን ለወንዙ፣ አንዱ ቀን ለመውጣት። አምስተኛው መጠባበቂያ ይሁን፤ ካልተፈለገ ጠርዙ ላይ ጭላዳና አሞራ እያዩ ያርፋሉ። አንተ ወፍ ታውቃለህ፣ ይህ ትልቅ ሀብትህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለውን የጀማውን ቆቅ ለማየት ዓለም ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ ዓሣው ሲዘጋባቸው የምታሳያቸው ነገር አለህ። ብዙ የዓሣ አስጎብኚ ይህ የለውም።

ከጠርዙ እስከ ወንዙ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ ይስቃሉ። ሲወጡ ነው የሚታየው። መውጫውን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምር፣ ፀሐይ ሳይበረታ ግማሹን ጨርስ። ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ውሃ ያዝ። አንድ ትርፍ በቅሎ ይኑር፣ ለዕቃ ሳይሆን ለሰው። «አያስፈልገኝም» ያለው ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጥባት።

ፈቃድ። ጀማ ድልድዩ አካባቢ በሁለት ክልል መካከል ያለ ወንዝ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሰሜን ሸዋ ይባላል። አንዱ የኦሮሚያ፣ አንዱ የአማራ። በአንዱ ወገን ደብዳቤ ይዘህ ወንዙን ከተሻገርክ ሰው ይጠይቅሃል፣ ልክም ነው። ወደ ሁለቱም ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂድ፤ ዓሣ የእነሱ ሥራ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አዋጅ አለ፤ በእሱ መሠረት የምን ወረቀት እንደሚያስፈልግህ ጠይቅ። ምን እንደምታደርግ፣ በስንት መንጠቆ፣ ዓሣውን እንደምትለቅ ጽፈህ ስጣቸው። ቀበሌውንም አትዝለል። የቀበሌው ሰው ሰምቶ ከሆነ ሌሊት ድንኳንህ ጋ የሚመጣ ሰው ሻይ ሊጠጣ ነው የሚመጣው።

እንግዶቹ «ሰው የማይደርስበት» ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ራቅ ያለ ነው፣ አዎ። ሰው አልባ ግን አይደለም። አንዱ ጥልቅ ውሃ አጠገብ የአንድ ገበሬ የሽንኩርት መስኖ አለ፣ ሌላው ጋ ከብት ይጠጣል፣ ቅዳሜ ገበያ የሚሄድ ሰው ወንዙን በእግሩ ይሻገራል። እንግዳው ፎቶ ሲያነሳ እረኛ ከኋላ ይገባል። አስቀድመህ ንገረው፤ ካልነገርከው የተታለለ ይመስለዋል። ከነገርከው ደግሞ እረኛው የጉዞው ጥሩ ክፍል ይሆናል። መስኖው ያለበት ላይ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ጋሼ እንደምን ዋሉ» በል፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ እንግዶቹንም አስተዋውቅ። ወንዙ የመንግሥት ነው ብለህ በሰው ማሳ አትለፍ።

ሌላው የማይወራ ነገር ብርብራ ነው። በበጋ ውሃው ሲያንስ ልጆች ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ ይበትኑታል። ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም። ሕጉ በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ልጆቹ ግን ሕጉን አያውቁም፣ ራት ነው የሚያውቁት። በተለይ ሁዳዴ ሲደርስ ዓሣ ይፈለጋል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ። እኔ ልጆቹን አልቆጣም። የዘንግ ተሸካሚ አደርጋቸዋለሁ። ዓሣው የት እንደሚተኛ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ መርዙን የት እንደሚበትኑት ስለሚያውቁ። አንድ ጥልቅ ቦታ በበጋ አንዴ ተመርዞ ከሆነ የዚያ ዓመት እንግዳህን እዚያ አትውሰደው፣ ባዶ ነው።

ጤና። ቆላው ወባ አለበት። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ አጎበር ይኑር። ቢልሃርዝያም አለ። ትሉ የሚገኘው ዝግ ባለና ሣር በበዛበት ውሃ፣ ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሰው በሚታጠብበት ዳር ነው። ቆዳ ውስጥ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ፈጣኑ ውሃ አደጋው ያነሰ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ውሃ የማያስገባ የማጥመጃ ሱሪ ያላቸው ይዘው ይምጡ፣ ቢሞቅም። የሌላቸው ረጅም ሱሪና ጥሩ ጫማ ያድርጉ፣ ሲወጡ ወዲያው በፎጣ ይድረቁ፣ አገራቸው ከተመለሱ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመርመሩ። ይህን በጽሑፍ ስጣቸው። ዋና አትፍቀድ። ጀማ የሚገባው አባይ ውስጥ አዞ አለ፤ ወደ ታች ወደ መገናኛው በወረድክ ቁጥር የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቅ ውሃ አትግባ።

ዓሣው ሲያዝ የሚደረገውን አንተ ነህ የምትመራው። ከመጀመሪያው የመንጠቆዎቹን ሁሉ ቀንድ፣ ያቺን ወደ ኋላ የምትመለስ ትንሽ ሹል፣ በፒንሳ ደፍጥጥ። ያን ጊዜ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል፣ ከእንግዳ ጆሮም ጭምር። እጅህን ሳታረጥብ ዓሣ አትንካ። ፎቶ የሚነሳ ከሆነ ካሜራው ተዘጋጅቶ ዓሣው ከውሃ ይውጣ፣ ትንፋሽህን ይዘህ ቁጠር፤ አንተ ሲጨንቅህ እሱም ጨንቆታል። ከዚያ ራሱን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አድርገህ ያዘው። ጅራቱ መዳፍህን ሲገፋ ልቀቀው። የመንገድ መሪዎቹ ነገር ግን ይከብዳል። አንድ ክንድ ዓሣ ይዞ መልሶ የሚለቅ ትልቅ ሰው ሲያዩ «ጤነኛ ነው?» ይሉሃል። እኔ በቀን አንድ ሁለት መካከለኛ ዓሣ ለመሪዎቹ ራት እንዲቀር ከእንግዶቹ ጋር አስቀድሜ እስማማለሁ። ቅር ያለው እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዋጋ ስትነግር በቀን ቁረጥ፣ በዓሣ ቁጥር አይሁን። በቅሎ፣ ምግብ፣ መሪዎች፣ ጥበቃ፣ መኪና፣ የቀበሌ ክፍያ ካለ፣ የአንተ ድካም፣ መጠባበቂያዋ ቀን፤ ሁሉንም ደምርና በላዩ ላይ ትርፍህን አስቀምጥ። ግማሹ ቀድሞ ይከፈል። ውሃው ከደፈረሰ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ጻፉት፤ ቀን ይዛወራል ወይስ ወደ ወፍ ጉዞ ይቀየራል? እኔ ያ ሰውዬ አልከፍልም ሲለኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ለፈረንጆቹ የዛሬውን መልእክት ላክ። ኅዳር ሲገባ ማንንም ሳትይዝ ብቻህን አንድ ቀን ውረድ። ጉልበትህ ድረስ ግባና ጣቶችህን እይ። ሦስት ቦታ ድንጋይ ገልብጥ፣ ያየኸውን በስልክህ አንሣና ላክልኝ። ትንሽ ጠጠር አጠገቡ አድርግ፣ መጠኑን እንድገምት። ደብረ ብርሃን ስታልፍ ቁጥር 6 ዘንጌን አውስሃለሁ፤ የበርኖሱን ዝንብ ደግሞ አብረን ቁጭ ብለን በፎቶው ልክ እናስራለን።